ይንፋ ወይስ ይሳብ? ለተንቀሳቃሽ ብሎወር የሚሆን ተጣጣፊ ቱቦ አመራረጥ

ጥያቄው፦ «ገላን ላይ አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። ለነዳጅ ማደያ የሚቀበሩ 50,000 ሊትር የሚይዙ ታንከሮች እንሠራለን። አንዳንዴ አሮጌ ታንከርና ቦቴም ለጥገና ይመጣልናል። በያጆቹን ከውስጥ ጭሱ ስላስቸገራቸው ባለ 12 ኢንች ተንቀሳቃሽ ብሎወር ገዛሁ። በደቂቃ 65 ሜትር ኩብ ይላል። አብሮት የመጣው ቢጫ የሸራ ቱቦ 5 ሜትር ነው። ጭሱን እንዲስብልን ከኋላው በኩል ስናስረው ቱቦው ተጨማደደና ተጣበቀ። መርካቶ ስጠይቅ አንዱ የአሉሚኒየም ውሰድ አለኝ። ሌላው ባለ 8 ኢንች ይሻልሃል፣ ሲጠብ ኃይሉ ይጨምራል አለኝ። እኛ አካባቢ ከፍታ ስለሆነ ብሎወሩ ይደክማል ያሉኝም አሉ። የቱን ልግዛ? ስንት ሜትር?»

ቱቦው የተጣበቀው ጥራት ስለጎደለው አይደለም። ያለ ሥራው ስለገባ ነው። ብሎወሩ ወደ ቱቦው ሲነፋ በውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው ይበልጣል። ስለዚህ ተራ ሸራ እንኳ ራሱን ወጥሮ ይቆማል። ሲስብ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የውስጡ ግፊት ይወርዳል፣ የውጭው አየር ደግሞ ከዙሪያው ይጫነዋል። ደግፎ የሚይዘው ነገር ከሌለ ይጨፈለቃል። ለመሳብ የሚሆነው ቱቦ በግድግዳው ውስጥ እንደ ስፕሪንግ የሚዞር የብረት ሽቦ ያለው ብቻ ነው። ሽቦ መኖሩም ብቻውን አይበቃም። ቀለበቶቹ ተራርቀው የተሰፉ ከሆነ በመካከላቸው ያለው ሸራ ወደ ውስጥ እየተሰረጎደ መንገዱን ያጠበዋል። ቱቦውን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው በእጅዎ ይዳስሱት። በአንድ ስንዝር ውስጥ ቢያንስ ሦስት ቀለበት ካላገኙ ለመሳብ አይውሰዱት።

የጠየቁኝ ስለ ቱቦው ዓይነት ነው። ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ ግን አለ። ብሎወሩ ይንፋ ወይስ ይሳብ? ይህ ሳይወሰን ስለ ቱቦ ማውራት አይቻልም። ብዙ ወርክሾፖች ገንዘብ የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነው።

ጭስ ሲታይ መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ «እንሳበው» ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ግን ቅርበት ይፈልጋል። ጧፍ በክንድ ርቀት እፍ ብለው ማጥፋት ይችላሉ። አየር ወደ ውስጥ በመሳብ ግን ከንፈርዎ ሥር ካልሆነ አያጠፉትም። የብሎወርም ጠባይ ይኸው ነው። የሚነፋ ቱቦ ከአፉ የዲያሜትሩን 30 እጥፍ ርቀት ሄዶ እንኳ ከመነሻ ፍጥነቱ አሥር በመቶ ያህል ይቀረዋል። የሚስብ ቱቦ ግን አንድ ዲያሜትር ብቻ እንደራቁ ፍጥነቱ ወደ አሥር በመቶ ይወርዳል። በእርስዎ ባለ 12 ኢንች (30 ሳንቲ ሜትር ገደማ) ቱቦ ሲሰላ፣ ሲነፋ ወደ 9 ሜትር ይደርሳል፣ ሲስብ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ያበቃል ማለት ነው። ስለዚህ የሚስበውን ቱቦ ማንሆሉ (ሰው የሚገባበት የታንከሩ ቀዳዳ) ላይ አንጠልጥሎ ታንከሩ ጫፍ ላይ ያለው በያጅ ይተነፍሳል ብሎ መጠበቅ አይሆንም። ማንሆሉ አጠገብ ያለው ንጹሕ አየር ተመልሶ ይሳባል፣ ጭሱ ባለበት ይቀራል።

የእርስዎ ታንከር ዲያሜትሩ 2.5 ሜትር ከሆነ ርዝመቱ 10 ሜትር ገደማ ይሆናል። ለእንዲህ ያለ ረጅምና ባለ አንድ በር ዕቃ ዋናው ሥራ መንፋት ነው። ቱቦው በማንሆሉ ገብቶ እስከ ሩቁ ጫፍ ይድረስ፣ አፉም ወደ ታች ዝቅ ይበል። ንጹሑ አየር ከጫፍ ተነሥቶ ጭሱን እየገፋ በማንሆሉ ይወጣል። ዝቅ ይበል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በጋዝ የምትበይዱ ከሆነ አርጎንም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከአየር ይከብዳሉ። ታንከሩ ሆድ ውስጥ ተኝተው ኦክስጅኑን ይገፉታል፣ ሽታም ስለሌላቸው ማንም አይነቃባቸውም። የቱቦውን አፍ ግን በቀጥታ ብየዳው ላይ አታዙሩት። ነፋሱ መከላከያ ጋዙን ይበትነውና ብየዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። የታንከሩ ጫፍ ግድግዳ ላይ አስመትታችሁ ተመልሶ እንዲያልፍ አድርጉት። በያጁም ጭሱ ወደ ፊቱ ሳይሆን ከፊቱ ወዲያ እንዲሄድ ሆኖ ይቀመጥ።

መንፋት ጉድለት አለው። ጭሱን ያቀጥነዋል እንጂ አይዘውም። ለተራ ብረት ይህ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ስቴንለስ ወይም ጋልቫናይዝድ ስትበይዱ ግን አይበቃም። የስቴንለስ ጭስ ካንሰር የሚያመጣ የክሮሚየም ዓይነት አለው። የጋልቫናይዝዱ ዚንክ ደግሞ ማታ እንደ ወባ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ይለቃል። እዚያ ላይ የሚስብ ቱቦ ከብየዳው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ በያጁም ለብናኝ የተሠራ መተንፈሻ ማስክ ያድርግ። በኮቪድ ጊዜ የለመድነው ስሱ ሰማያዊ ማስክ የብየዳ ጭስ አያስቆምም።

አሁን ወደ ስፋቱ። «ባለ 8 ኢንች ኃይል ይጨምራል» ያሉዎት ሰው የተሳሳቱት ፍጥነትንና መጠንን አንድ አድርገው ነው። በጠባብ ቱቦ አፍ ላይ እጅዎን ቢያደርጉ ነፋሱ ይበረታል፣ እውነት ነው። በያጁ የሚፈልገው ግን የሚበረታ ነፋስ ሳይሆን ብዙ ንጹሕ አየር ነው። እኩል አየር ለማሳለፍ ቱቦው በጠበበ ቁጥር የግድግዳው ፍትጊያ በዲያሜትሩ አምስተኛ ኃይል ያድጋል። ከ12 ወደ 8 ኢንች ሲወርዱ ተቃውሞው ሰባት እጥፍ ተኩል ይሆናል። እንዲህ ያለ አክሲያል ብሎወር (እንደ ቬንቲሌተር አየሩን በቀጥታ ወደ ፊት የሚገፋ) ደግሞ አየር ያበዛል እንጂ ግፊት የለውም። እኔ በግምት ሳሰላው፣ 10 ሜትር ባለ 12 ኢንች ቱቦ ሁለት መታጠፊያ ኖሮት በሰዓት ወደ 2,500 ሜትር ኩብ ያሳልፍልዎታል። በዚያው መንገድ ባለ 8 ኢንች ቢያደርጉት ግማሹን ያህል ብቻ ያገኛሉ። ሞተሩ ይጮኻል፣ አየሩ የለም።

እዚህ ላይ ብሎወሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም እናስተካክል። በደቂቃ 65 ሜትር ኩብ፣ በሰዓት 3,900 መሆኑ ነው፣ ቱቦ ሳይታሰርበት ሜዳ ላይ የሚሰጠው ነው። ቱቦ ሲታሰር ይቀንሳል፣ ሲታጠፍ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ በጠባብ ቦታ ለሚበይድ ለእያንዳንዱ በያጅ በሰዓት 3,400 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ይጠይቃል። የእርስዎ ብሎወር ከነቱቦው ለአንድ ሰው እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በዚህ ብሎወር ከአንድ በያጅ በላይ ታንከር ውስጥ አታስገቡ፣ እሱም ማስክ ያድርግ። ሁለት ሰው ይግባ ካሉ ሁለተኛ ብሎወር ያስፈልግዎታል። ውድ ቱቦ ይህን አያካክሰውም።

ስለ ከፍታው የነገሩዎት ግማሹ እውነት ነው። ገላን ከባህር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ባህር ዳርቻ ካለው ከ20 በመቶ በላይ ይሳሳል። ብሎወሩ ግን በአንድ ዙር የሚያንቀሳቅሰው የአየር መጠን በሜትር ኩብ ሲለካ ያው ነው። ግፊቱ ይቀንሳል፣ የቱቦው ተቃውሞም በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ይካካሳሉ። ለከፍታ ብለው ቱቦ አይለውጡ። የሚጎዳው ሞተሩ ነው። አብዛኛው የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው፣ ስስ አየር ደግሞ በደንብ አያቀዘቅዘውም። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ሞተሩ ምን ያህል እንደጋለ ይዩ። በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ከሩቅ አያምጡለት። እኛ ከተማ ዳር ያለን ሰዎች መብራቱ ራሱ ከሰዓት በኋላ ሲደክም እናውቀዋለን፣ ገመዱ ተጨምሮበት ሞተሩ ይቃጠላል።

አሉሚኒየሙን ይተዉት። እሱ ጣራ ሥር አንድ ጊዜ ተዘርግቶ ለሚቀር ሥራ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ ሲጎተት፣ ማንሆል ጠርዝ ሲነካው፣ ሰው ሲረግጠው ይቀደዳል፤ አንዴ ከተጨማደደም አይመለስም። ቢጫው ሸራ ፖሊስተር ላይ ፒቪሲ የተቀባ ነው። ርካሽ ነው፣ ይታጠፋል፣ እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይችላል። ለመንፋት ከዚህ የተሻለ ነገር መፈለግ አያስፈልግም፣ የሚያልፍበት ንጹሕ አየር ነውና። ለመሳብ ሲሆን ጥያቄው የአየሩ ሙቀት አይደለም። ጭሱ ከአካባቢው አየር ጋር ተቀላቅሎ ቶሎ ይበርዳል። ቱቦውን የሚጎዳው ፍንጣሪ ነው። አንድ የብየዳ ፍንጣሪ ፒቪሲው ላይ ካረፈ የስንዴ ፍሬ የምታክል ቀዳዳ ትቶ ያልፋል፣ ቀዳዳው በበዛ ቁጥር የሚሳበው ጭስ ሳይሆን የመንገዱ አየር ይሆናል። ስለዚህ ብየዳው አጠገብ የሚሆነው ሁለት ሦስት ሜትር የመስታወት ጭረት (ፋይበርግላስ) ጨርቅ ላይ ኒዮፕሪን ወይም ሲሊኮን የተቀባ ይሁን። ኒዮፕሪኑ 130 ዲግሪ አካባቢ፣ ሲሊኮኑ ከ250 ዲግሪ በላይ ይችላል። የቀረው መንገድ ተራው ባለ ሽቦ ፒቪሲ ቢሆን ይበቃል። ፖሊዩሬታን የሚባለው ግልጥ ቱቦም ያጋጥምዎታል። ለእንጨት ብናኝና ለአሸዋ ጥሩ ነው፣ ለፍንጣሪ አይደለም።

ሻጩ «እሳት አይዘውም» ካለ ቁራጭ ይጠይቁት። ውጭ ወጥተው ላይተር ያስነኩት። እሳቱን ሲያነሱ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ጥሩ ነው። መንደዱን ከቀጠለ ይመልሱለት። የሚወጣውን ጭስ ግን አይተንፍሱት፣ የፒቪሲ ጭስ አሲድ አለው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን በጥያቄዎ መካከል በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ነገር ነው። አሮጌ ታንከርና ቦቴ። ቤንዚን የነበረበት ታንከር ባዶ ሲሆን ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ በአየሩ ውስጥ 1.4 በመቶ ገደማ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። የእርስዎ ብሎወር ተራ ሞተር አለው። ትነቱን በእሱ በኩል መሳብ ማለት ትነቱን ወደ ብልጭታው መውሰድ ነው። በፍጹም አይሆንም። መንፋትም ቢሆን በዘፈቀደ አይደለም። ደረቅ አየር በፒቪሲ ቱቦ ውስጥ ሲሮጥ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያጠራቅማል፣ ጫፉ ብረት ሲነካ ያ ቻርጅ ብልጭ ይላል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ቻርጅ የሚያስተላልፍ ጥቁር ቱቦና ፍንዳታ የማያስነሳ ተብሎ የተሠራ ብሎወር ነው። የቱቦው ሽቦም በሁለቱም ጫፍ ከብሎወሩና ከታንከሩ ጋር በገመድ ታስሮ ወደ መሬት መውረድ አለበት። ከዚህ ጋር መታጠብና በጋዝ መለኪያ መለካት አለ። ኦክስጅኑ ከ19.5 እስከ 23.5 በመቶ መሆን አለበት፣ የሚፈነዳው ትነት ደግሞ ለመፈንዳት ከሚያስፈልገው መጠን አንድ አሥረኛ በታች። ያንን መለኪያ ሳይገዙ፣ አጠቃቀሙንም የሚያውቅ ሰው ሳይኖርዎት፣ የቤንዚን ታንከር ለብየዳ አይቀበሉ። ደንበኛው ቢቆጣም አይቀበሉ። «ናፍጣ ነው የነበረበት» ቢሉዎትም ቃላቸውን አይመኑ። ቦቴ ዛሬ ናፍጣ፣ ትናንት ቤንዚን ጭኖ ይሆናል፤ የናፍጣ ቅሪትም ቢሆን የብየዳ ሙቀት ሲያገኘው ይተናል።

ታንከሩን ለማናፈስ ብሎ የኦክስጅን ሲሊንደር የሚከፍትም አለ። ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ኦክስጅን ሲበዛ ልብስና ፀጉር እንደ ክብሪት ይያያዛል።

አዲሱን ታንከር በተመለከተ አቀማመጡ ከቱቦው እኩል ዋጋ አለው። ብሎወሩን ማንሆሉ አፍ ላይ አያስቀምጡት፣ የሚወጣውን ጭስ መልሶ ያስገባዋል። ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ አድርገው ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ያቁሙት። ከተቻለ በማንሆሉ ከፍታ ስካፎልድ ላይ ያስሩት፣ አንድ መታጠፊያ ይቀነስልዎታል። ጀነሬተርና ሞተር ያልጠፋ መኪና ከሚስብበት በኩል ይራቁ። የጀነሬተር ጭስ ታንከር ውስጥ ከገባ የብየዳውን ጭስ የሚያስመኝ ነው። ቱቦውን እስከ ጫፉ ይዘርጉት። «ረዘመብን» ብለው እንደ አኮርዲዮን ሰብስበው ከተዉት ውስጡ ሁሉ እጥፋት ይሆንና ተቃውሞው ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ትርፉን ቁረጡት ወይም አጭሩን እሰሩ። ማጠፍ ግድ ሲሆን ሰፋ አድርጎ ነው፣ በጠርዝ ላይ እንደ ክርን አይሰበር። መጋጠሚያውን በፋሸታ ወይም በቀበቶ ጥብቅ አድርጉት። በፕላስተር መጠቅለል ለአንድ ቀን ነው።

ማንሆሉ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ቱቦው የመክፈቻውን ሩብ ይይዛል። 50 ከሆነ ከሦስተኛው በላይ። ይህ የሰውም መውጫ ነው። ቱቦው በአንድ ጉተታ የሚወጣ ይሁን፣ እዚያ አፍ ላይ አትበይዱት፣ አትቋጥሩት። አንድ ሰው ሁልጊዜ ውጭ ይቁም። ሥራው ሌላ አይሁን፣ ውስጥ ያለውን ማየትና ማናገር ብቻ። መብራት ሲሄድ ብሎወሩ ይቆማል፤ የብየዳ ማሽኑ በጀነሬተር ላይ ከሆነ ግን በያጁ ሳያውቅ ይቀጥላል። ስለዚህ ሁለቱን ከአንድ መስመር አገናኙ። ብሎወሩ ሲጠፋ ብየዳውም ይጥፋ፣ ሰውየውም ይውጣ። ጠዋት ሰው ከመግባቱ በፊት ብሎወሩ ቢያንስ 15 ደቂቃ ቀድሞ ይነሣ። 50 ሜትር ኩብ የሚሆነው አየር በ2,500 ፍሰት ሰባት ጊዜ ተኩል ለመለዋወጥ 9 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ታንከር ግን ማዕዘንና ኩርባ ስላለው ጨምሩበት።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ያለዎትን ቢጫ ቱቦ አይጣሉት፣ ለመንፋት ይጠቀሙበት። ሌላ 5 ሜትር ባለ 12 ኢንች፣ ባለ ሽቦ፣ እሳት የማይዘው ፒቪሲ ገዝተው ይቀጥሉበት። በጠቅላላ 10 ሜትር ይሆናል፣ ማንሆሉ መሐል ላይ ላለ ታንከር ይበቃዎታል። ማንሆሉ ጫፍ ላይ ከሆነ ሌላ 5 ሜትር ይጨምሩ፣ ከ15 ሜትር ግን በዚህ ብሎወር አይለፉ። ባለ ሽቦው ብሎወሩ በኩል ይሁን፣ ሸራው ወደ ውስጥ። መታጠፊያው ማንሆሉ ላይ ስለሆነ እዚያ የሚያስፈልገው የማይሰበረው ነው። ለስቴንለስ ሥራ ሁለተኛ ብሎወር ሲገዙ ያኔ 3 ሜትር ባለ ሽቦ ኒዮፕሪን ቱቦ ይግዙ፤ ለመሳቡ ሥራ እሱን ይያዙ፣ የመጀመሪያው መንፋቱን ይቀጥል።

ሲጨርሱ ይፈትኑት። ማንሆሉ አፍ ላይ ቀጭን ወረቀት ያንጠልጥሉ። ወደ ውጭ በደንብ እየተገፋ ከሆነ አየሩ እየዞረ ነው። በያጁ አንድ ኤሌክትሮድ ጨርሶ ሲቆም ጭሱ በአንድ ሁለት ደቂቃ ካልጠራ መጀመሪያ ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከተሉት፣ የተጨመቀ ወይም የታጠፈ ቦታ አያጡም። ያ ከሌለና አሁንም ካልጠራ ያነሰው ብሎወሩ ነው፣ ሁለተኛውን ይጨምሩ።